ቃል የተገባ ብር እና የገባ ብር

ተማሪዎችን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ አሰባሳቢ ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ቅጽ ሰጠኝ። «የግል ግብሽን ሙዪ» አለ። አንድ መስመር ጻፍኩ፦ 1 ሚሊዮን ብር ማሰባሰብ። «እንዴት አድርገሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዛሬም ያናድደኛል።

የድጋፍ ደብዳቤው፣ የስም ዝርዝሩ፣ የአዳራሽ ኪራዩ አላስቸገረኝም። ያበላሸሁት ቃል የተገባውን እንደ ገባ መቁጠሬ ነው።

ግንቦት ላይ ጣና ዳር ባለ ሆቴል እራት አዘጋጀን። ነጋዴዎች እየተነሡ ቃል ገቡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። 1.2 ሚሊዮን ብር! እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። ሰኔ 30 ባንክ የነበረው ግን 310 ሺህ ነው። ሌላ ጣጣም መጣ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ገቢው ሲያንስ ወጪያችን ጣሪያውን ነካ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየደበደበኝ ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ ሰፈር ግሽ ዓባይ ሰፈር በባጃጅ ተመላለስኩ። «ነገ ነይ።» «ሒሳብ ሠራተኛዋ የለችም።» አንድ የእህል ነጋዴ ጋ ለአራተኛ ጊዜ ስሄድ ወንበር ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ብሩን ነፍጌሽ አይደለም» አሉ። «ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለ ልጆቹ አንድ ቀን አንስተሽልኝ ታውቂያለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ በጀልባ ዘጌ ወሰድኳቸው። የምንረዳቸውን ተማሪዎች አገኙ፣ ቡና ጠጣን። ሲመለሱ ቃላቸውን ሞሉ። ዩኒፎርሙ ግን ለመስከረም አልደረሰም። 40 ልጆች እስከ ኅዳር ያለ ዩኒፎርም ተማሩ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።

የሥራ አስኪያጁ መፍትሔ ከማመጣው ብር 5 በመቶ ኮሚሽን ነበር። እምቢ አልኩ። የሙያው ሥነ ምግባርም አይፈቅድም። ደግሞስ እኚያ ሰው ከሰጡት ብር ላይ እየተቆረጠ እኔ ኪስ እንደሚገባ ቢያውቁ ደጃቸውን ዳግም ይከፍቱልኛል?

አሁን ለቢሮው ቅጽ «የገባ» እና «ቃል የተገባ» ብዬ ለይቼ እሞላለሁ። የራሴ ግብ ግን ሌላ ደብተር ላይ ነው፤ እዚያ ብር አይጻፍም። በሳምንት አምስት ሰው በአካል ማግኘት። ብር በገባ በሁለት ቀን ውስጥ ደውሎ ማመስገን። በየሦስት ወሩ ለእያንዳንዱ ሰጪ ስለ ልጆቹ መንገር። «በብር ያልተለካ ግብ ግብ አይደለም» ይሉኛል። አልስማማም። የሰው ኪስ ውስጥ ያለውን እኔ አላዝበትም፤ ስልክ መደወል ግን እችላለሁ።

ለዘንድሮ አንድ ጨምሬያለሁ፦ ቃል የገባ ሰው የሚከፍልበትን ቀን እዚያው ጽፎ ይፈርማል። ሥራ አስኪያጁ «ሰው ይቀየማል» ይላል። እኔ ግን አስፈርማለሁ።