ባቲን በብሉዝ ጊታር

አንድ ማታ ብሉዝ እየተለማመድኩ ጣቴ ሳላስበው ባቲ ቅኝት ውስጥ ገባ። ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ብሉዝ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚይዛቸው 5 ድምፆች ናቸው። ባቲ ማይነር የሚባለው የባቲ ዓይነትም እነዚሁ ናቸው። ብሉዝ በዲ እና በኢ መሃል አንዲት ድምፅ ሾልካ እንድታልፍ ይፈቅዳል፣ ልዩነቱ እሱ ነው። የወሎ ዘፈኖችን በጊታርና በድምፄ ብቻ ልቅዳ ያልኩት በዚያ ደስታ ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ አልሆነም። ዘፈኑን በብሉዝ የተለመደው 12 ባር (የምት ክፍል) ውስጥ ከትቼ ሦስት ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ አስሬበት ነበር። አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ጋ ወስጄ አሰማኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ኮርዱ በተቀየረ ቁጥር ዜማውን ይገፋዋል። የእኛ ዘፋኝ ደግሞ ቃሉ ላይ መቆየት ይወዳል። ከዚያ የብሉዝ ዘፋኙንና ጊታር ተጫዋቹን ጆን ሊ ሁከርን መልሼ ሰማሁ። ለካ እሱም ብዙ ጊዜ አንድ ኮርድ ላይ ነው፤ ባር አይቆጥርም። ኮርዶቹን ጣልኳቸው። በአውራ ጣቴ የኤ ክርን ክፍቱን፣ በጣት ሳልጫነው እየመታሁ፣ ዜማውን በቀሩት ጣቶች እንደ ክራር ተጫወትኩ።

የማሲንቆው ልቅሶ ግን በፍሬት፣ በጊታር አንገት ላይ ድምፆቹን በሚለዩት ብረቶች፣ አይገኝም፤ ማሲንቆ ፍሬት የለውማ። የጠርሙስ አንገት አስቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጣቴ ላይ አጠለቅኩት። ድምፁ በክሩ ላይ ሲንሸራተት ቤቴ ተቀየረ።

ከሁሉ የወደድኩት ግጥሙ ላይ ያገኘሁትን ነው። ብሉዝ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ብሎ በሦስተኛው ይመልሳል። የእኛን ሁለት ስንኝ እንዲህ ብዘፍነውስ? ሰሙ ሁለቴ ሲሰማ አድማጩ ወርቁን መፈለግ ይጀምራል። ሳልቸኩል እጠብቀዋለሁ።

አምባሰል ቅኝት ግን እምቢ አለኝ። ሁለተኛው ድምፁ ከመነሻው የሚርቀው ግማሽ ቶን ብቻ ነው፣ የብሉዝ ጠባይ አይወድም። ሦስቴ ቀድቼ ሦስቴ አጠፋሁት። በመጨረሻ ብሉዝ ሳልነካካበት እንዳለ ዘፈንኩት።

ጊታሩን ለብቻ፣ ድምፄን ለብቻ መቅዳትም አያዋጣም። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁለቱንም በአንድ ማይክ ቀዳሁ።

ሲያልቅ ለአዛውንቱ በስልኬ አሰማኋቸው። ስለ ጊታሩ ምንም አላሉም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተቀበል!» አሉ። ስልኩን አጥፍቼ ጊታሬን አነሳሁ።