አይሱዙዋ ዳገት ላይ ለምን ትጠፋለች?

ዛሬ ጭነት የለም። ቤት ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ያንገበገበኝን ነገር ሳልረሳው ልጻፈው አልኩ። ለሰው ሳወራው በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ሰሚውም «በቃ ይኼው ነው?» ይለኛል። አዎ፣ ይኼው ነው። ግን ስድስት ወር ፈጅቷል።

መኪናዋ አይሱዙ ኤንፒአር ናት፣ በፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል። ሞተሯ ፎር ኤች ኤፍ ዋን የሚሉት ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 4.3 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር የሚገፋለት) የሌለው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካው። ይኼ ብዙ ጊዜ በረከት ነው፣ መንገድ ዳር በቁልፍና በካቻቢቴ ትጠገናለች። ችግሩ ስትታመም የት እንዳመማት የሚናገር መብራት የላትም። ጠፋች ማለት ጠፋች ነው።

ሥራዬ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ሃይሌ ጋርመንት ማራገፍ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ። ከዚያ ደብረ ሲና ድረስ ትወጣለህ፣ ከደብረ ሲና በኋላ ደግሞ እንደ ጅራፍ የተጠማዘዘውን ዳገት ይዘህ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ። ጉም አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ከኋላህ ጡሩንባ የሚነፋ አውቶቡስ አለ።

መጀመሪያ የጠፋችብኝ እዚያ ዳገት ላይ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ይዤ ቀስ እያልኩ እየወጣሁ አቅሟ ቀነሰ። ነዳጅ ስረግጥ ምንም የለም። ጭስ የለም፣ የሚንኳኳ ነገር የለም። ዘይት እንደጨረሰ ኩራዝ ዝም ብላ ጠፋች። ረዳቴ ሳልነግረው ዘሎ እንዳትንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ አደረገ። ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ በተነ። ከዚያ ካቢናውን ገልብጠን እንደ ሁሉም ሰው ያየነውን ሁሉ መነካካት ጀመርን። ሽቦ ነቀነቅን፣ የናፍጣ ፊልትሮውን በመፍቻ ጠቅ ጠቅ አደረግን፣ ናፍጣ በእጅ የሚስበውን የእጅ ፖምፓ ደጋግመን ሠራን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቁልፍ ስሰጣት በአንዴ ተነሳች። ረዳቴ ፊልትሮውን እያየ «ብራዘር፣ አገኘነው!» አለ።

አላገኘነውም። ግን እኔም አምኜ ነበር።

በማግስቱ ፊልትሮ ቀየርኩ። ሁለት ጉዞ ሰላም ሆነች። በሦስተኛው እዚያው አካባቢ ጠፋች። ጋራዥ አስገባኋት፣ መካኒኩ አስነስቶ ሰማት፣ ረገጠ፣ ለቀቀ፣ «ይቺ ምን ሆነች ትላለህ? እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው» አለኝ። ሌሊቱን ሲያስጮህህ አድሮ ሐኪሙ በር ላይ የሚተውህን የጥርስ ሕመም ታውቁታላችሁ? ልክ እንደዚያ። ተበሳጭቼ በሰው ፊት የዋሸሁ መሰለኝ።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር ብጽፍ ራሴን ነው የማሳፍረው። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኖዝሎች ተፈትሸው ሁለቱ ተቀየሩ። የናፍጣ ፖምፓው ወርዶ ፖምፓ ቤት ሄደ፣ ተስተካክሎ መጣ፣ እሱ ብቻውን የወሩን ትርፍ በላ። ኤሌትሪሻን መጥቶ ሞተር የሚያጠፋውን መስመር ሽቦ ቀየረ። አንዱ ጓደኛዬ «ከፍታው ነው፣ አየር አጥሯት ነው» አለኝ፤ እውነት አለው፣ እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሲሶ ገደማ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ይሰማዋል። ግን አየር ያጠረው ናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ ይደክማል እንጂ ያለ ጭስ ድርግም አይልም። ያን ጊዜ ይኼን አላሰብኩትም። ረዳቴ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ደርሰን ጸበል እንርጫት አለ። ባለቤቴም ደገፈችው። ረጨናት። ለሁለት ጉዞ አልጠፋችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘቤን የበላው ብልሽቱ ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር! ፊልትሮው ለሁለት ጉዞ ሠራ። ኖዝሉ ለሦስት። ፖምፓው አምስት ጉዞ ቆየ፣ እንዲያውም ለፖምፓ ቤቱ ሰውዬ ደውዬ አመስግኜው ነበር። አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ የሚያጭበረብር ብልሽት የነካኸውን ሁሉ መድኃኒት ያስመስለዋል። ሲሄድ ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ ያደረግከው ነገር ነው። ዳገቱ ላይ የዳሰስናቸው ነገሮች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ነበር፣ እየዳሰስን ሃያ ደቂቃ እንቆማለን። መድኃኒቱ መቆሙ ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

የጠየቀው ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ፊያት ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ የጣሊያን ጭነት መኪና ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ፣ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ሥራ የተዉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን እሳቸው ጋ ደርሼ ስማረር መኪናዋን እንኳን ለማየት አልተነሱም። ቁጭ ብለው ይጠይቁኝ ጀመር።

«ስትጠፋ ጭነት አላት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ባዶዋን ጠፍታብህ ታውቃለች?»

ዝም አልኩ። አላስታውስም።

«ነዳጁስ ምን ያህል ነበር?»

አላስታውስም።

«የእጅ ፖምፓውን ወደ ላይ ስትስበው እጅህን ይዞ ወደ ታች ይመልስሃል ወይስ በቀላሉ ይወጣል?»

ይኼን ረዳቴ ነው የመለሰው፣ ሁሌ እሱ ስለሆነ የሚስበው። «ይይዛል ፋዘር! መጀመሪያ ላይ በጣም ይይዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚለቀው» አላቸው። ስድስት ወር አብሮኝ ሲሄድ ይኼን ነገር አንድ ቀን አልነገረኝም። ጠይቄውም አላውቅም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ ደብተር ግዛ» አሉኝ። «ምንም ነገር እንዳትፈታ። ሦስት ሳምንት ጻፍ ብቻ።»

የልጄን ባለ 32 ገጽ ደብተር ወሰድኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ጭነት፣ ነዳጅ ስንት እንደቀረ፣ ምን ያህል ቆመን እንደተነሳች። ረዳቴ ጽሑፉ ከእኔ ስለሚሻል እሱ ነው የሚጽፈው። አንዳንዱን መስመር አሁን ሳየው ያስቀኛል፤ «ደብረ ሲናን እንዳለፍን፣ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ሙሉ ጭነት፣ ነዳጅ ከግማሽ በታች፣ ጠፋች፣ ቆሎ በልተን ስንጨርስ ተነሳች» ይላል። የደብረ ሲና ቆሎ እንኳን ሞተርን ሰውንም ያስነሳል።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ነገሩ ታየ። አራት ጊዜ ጠፍታለች። አራቱም ዳገት ላይ፣ አራቱም ተጭና፣ አራቱም ነዳጁ ከግማሽ ሲያንስ። ወደ ቆላ ስትወርድ አንድ ቀን አልጠፋችም። እኔ በጣም ደስ አለኝ፣ ሽማግሌው ግን ፊታቸው አልተፈታም። ነዳጅ የምቀዳው አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ስመለስ ሁልጊዜ ነዳጁ አንሶ፣ ጭነቱ ሞልቶ፣ ዳገቱም እዚያው ነው። ሦስቱ ተጠርጣሪዎች ሁሌ አብረው ነው የሚመጡት። የትኛው ነው ሌባው?

«ለያያቸው» አሉኝ።

አንድ ቀን ጭነት ጠፍቶ ባዶዬን ስመለስ ነዳጁ ከግማሽ በታች ነበር፣ ዳገቱን እየበረረች ወጣች። ሌላ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ሙሉ ቀድቼ፣ ሙሉ ጭኜ ወጣሁ፣ አልጠፋችም። ሦስተኛው ሙከራ ዋናው ነው። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ውስጡ የሚታይ የነዳጅ ቱቦ ገዛሁ። ከሰልባትዮው፣ ከነዳጅ ታንኩ ማለት ነው፣ በኋላ ያለውን ቁራጭ በእሱ ተካሁት። ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ከሆነ አረፋ ይታያል። ናፍጣ ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓው ድረስ ያለውን መንገድ የሚሄደው ተገፍቶ አይደለም፣ ተስቦ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ነዳጁ ወደ ውጭ ከሚንጠባጠብ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ መሬት ላይ ምልክት አይተውም። አስነስተን ረጅም ሰዓት ስናየው ቆየን። አንድም አረፋ የለም።

ከዚያ ጀሪካን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹህ ናፍጣ ሞልተን ከካቢናው ጀርባ በገመድ ጠፍንገን አሰርን። ሳቢውን ቱቦ እዚያ ከተትን፣ መላሹንም ቱቦ እዚያው፣ አለዚያ ጀሪካኑ ቶሎ ይደርቃል። ሰልባትዮው ከነነዳጁ ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ሙሉ ሽንኩርት ጭነን ከደብረ ሲና ተነሳን። እኔ መሪውን ይዤ እየጸለይኩ፣ ረዳቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጀሪካኑን እያየ። ጠመዝማዛው አለቀ። ዋሻው መጣ። ገባን፣ ወጣን። አልጠፋችም። ረዳቴ ዋሻው ውስጥ ሲጮህ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ደነገጠ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር ከቱቦው ወዲህ ያለው ሁሉ ንጹህ እንደነበር ነው። ኖዝሉ ንጹህ፣ ፖምፓው ንጹህ፣ ሽቦው ንጹህ። ሁሉንም ያለ ጥፋታቸው ነው ያስፈታኋቸው።

ቅዳሜ ሰልባትዮውን አወረድነው። ናፍጣውን በጨርቅ እያጣራን ገለበጥን። ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ አሸዋ፣ ያረጀ መኪና የሚጠበቅበት ነገር። መጨረሻ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር ጨርቁ ላይ ተለጠፈ። ፌስታል። መዳፍ የሚያህል፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው የፌስታል ቁራጭ።

ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ። ባለፈው ዓመት ነዳጅ ጠፍቶ ማደያው ሰልፍ ሲሆን በጀሪካን እየገዛሁ ነበር። የጀሪካን ክዳን ያንጠባጥባል፣ ስለዚህ ሁላችንም እንደምናደርገው አፉ ላይ ፌስታል አድርጌ ክዳኑን እጠመዝዝበታለሁ። ክዳኑ ፌስታሉን ቆርጦት፣ ቁራጩ ከናፍጣው ጋር ወርዷል። የሰልባትዮው አፍ ላይ ያለው ወንፊት ከተቀደደ ዓመታት ሆኖታል፣ ነገ ዛሬ እያልኩ። ፌስታል ናፍጣ ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። ታች ሆኖ ይዋኛል። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚስበው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ አይደርስበትም። ተጭና ዳገት ስትወጣ ግን ብዙ ትስባለች፣ ፌስታሉን ጎትታ መሳቢያው አፍ ላይ ትለጥፈዋለች። የእጅ ፖምፓው ይዞ የነበረው ለዚያ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ስንቆይ መሳቡ ያቆማል፣ ፌስታሉም ተላቆ ይወርዳል፣ እኛም ቆሎ በልተን እንነሳለን።

በ2017 ፓርላማው ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር፣ ያን ዕለት «ገበያተኛው በምን ሊይዝ ነው?» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።

ለሽማግሌው ደውዬ ነገርኳቸው። ሲስቁ ሳል ያዛቸው። ገንዘብ አልቀበልም ብለው ሽንኩርት አምጣልኝ አሉ፣ በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ኩንታል አወረድኩላቸው። ወንፊቱንም ቀየርኩ። ወር ሊሞላ ነው፣ አልጠፋችም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ዋሻው ጋ ስደርስ እግሬ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ደብተሩንም አልተውኩትም።

ማታ ሒሳቡን ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥን። የቤቱን ሒሳብ የምትይዘው እሷ ናት። ኖዝል፣ ፖምፓ፣ ሽቦ፣ ሁለት ፊልትሮ፣ የቆምንበት ቀን ሁሉ። 60 ሺህ ብር አለፈ። ደመረችው፣ ድጋሚ ደመረችው። ከዚያ «እስቲ ያንን ነገር አሳየኝ» አለችኝ። አጥቤ ወረቀት ላይ አስቀምጬው ስለነበር አመጣሁላት። በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። መስመሩን አየችው።

«ውይ!» አለች። «ይኼማ እኔ ዳቦ የቋጠርኩልህ ነው።»