ፍልፈል እየጠበሱ የኖሩበት ዋሻ

ከአዲስ አበባ ባሌ ውስጥ እስካለችው ዲንሾ ያለው መንገድ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። የዲንሾው ሌሊት ግን ከመንገዱም ረዘመ። የማደሪያው ባለቤት ሁለት ብርድ ልብስ እሰጥሃለሁ ብሎ የሰጠኝ አንድ ነው። የሐምሌን ዝናብ ብርድ የምንል አዲስ አበቤዎች ብርድ አናውቅም። ጃኬቴን እንደለበስኩ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት ደግሞ የፈረሱ ኪራይ ማታ ከተስማማንበት ላይ 300 ብር ጨምሮ ጠበቀኝ። እየተናደድኩ ከፈልኩ።

ንዴቴ የበረደው ዌብ ሸለቆ ስንገባ ነው። ፈረሱን የሚስቡት አባት ድንገት ቆሙ። "ዝም በል ልጄ፣ ያቺን ወፍ እያት" አሉኝ። ወፏ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማለች። ጥቂት ቆይቶ አፈሩ ተነቃነቀና አንድ ትልቅ ራስ ብቅ አለ። ፍልፈል! ቅጠሉን በጥርሱ ነጨት ነጨት አደረገና ወደኋላው ተመለሰ። ከዚያ ጉድጓዱን በአፈር ደፈነው። ይህ ትልቁ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የለም። የቀይ ቀበሮም ዋና ቀለቧ እሱ ነው።

እኔንም እዚህ ድረስ ያመጣኝ እሱው ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባለው የዓለት ዋሻ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት አዳኞች ይኖሩበት ነበር። ምድጃቸው ተገኝቷል። በእሳት የተለበለበ የፍልፈል አጥንትም በብዛት ወጥቷል። መሣሪያ የሚሠሩበትን ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ነበር የሚያመጡት። ያኔ የተራራው አናት ግግር በረዶ ለብሶ ነበር።

ስመጣ "ምን ቢቸግራቸው ነው እዚህ የወጡት?" እያልኩ ነበር። ዋሻው ውስጥ በጎች በተዉት ደረቅ በጠጥ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ሳይ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ያኔ ውሃው ከግግሩ ሥር ይወርድ ነበር፣ ሥጋውም ደጃፍ ላይ ነበር። ፍልፈል እንደ ድኩላ በሩጫ አያደክምም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታግሶ ለሚጠብቅ ሰው እራቱ ነው። ያች ወፍ የቆመችበት ቦታ ላይ፣ ዱላ ይዞ ትንፋሹን የዋጠ ሰው ታየኝ።

ዝናቡ መጣ። አባት ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፤ ቡልኳቸውንም አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉ። እርስዎስ ብላቸው "እኔ እዚሁ ነው ያደግሁት" አሉ። ዲንሾ እስክንገባ መልሼ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉኝ።