የእማዬ ዲሽ ወደ ምሥራቅ ዞረ

በ2013 ክረምቱ ሊገባ ሲል እማዬ ጎጃም ካለችው የአማኑኤል ከተማ ደወለች። «ልጀ፣ ቴሌቪዥኑ ዓረብ ብቻ ሆነብኝ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው የባነንኩት። በዚያ ዓመት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳት የሚባለውን የግብፅ ሳተላይት እየለቀቁ ኢትዮሳት ወደሚባለው ይገቡ ነበር። የእማዬ ዲሽ የነገረው ሰው የለም። ምዕራብ ምዕራቡን እያየ ቀርቷል።

ቅዳሜን ጠብቄ ከምኖርበት ከደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዲሽ የሚሠራው የሰፈር ልጅ ነው። የሲግናል መለኪያ ምናምን የለውም። አንድ ቁልፍ በኪሱ፣ አንድ ጥቅልል ገመድ በትከሻው ይዞ መጣ። ጣራው ላይ ሲወጣ እማዬ «ቆርቆሮውን እንዳትረግጥብኝ፣ ሚስማሩን ሚስማሩን ይዘህ ሂድ» አለችው። ቀስ ብሎ ወጣ።

ከዚያ የምታውቁት ነገር ተጀመረ። ልጁ ጣራ ላይ፣ እኔ በር ላይ፣ እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት። እሱ ሰሃኑን በጣት ያህል ይገፋል። እሷ የሲግናሉን መስመር አይታ ትናገራለች። እኔ መሃል ሆኜ አቀባብላለሁ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ቀዩ ቢጫ ሆነ በይው! … ውይ፣ ሄደ!»

ሪሲቨሩ ላይ የአዲሶቹን ጣቢያዎች የሞገድ ቁጥር፣ 11105 እና 45000፣ አስገብተናል። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ሰሃኑ አንድ ጣት ከሳተ ቁጥር ምን ይሠራል? ናይልሳት ከእኛ በስተምዕራብ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። አዲሱ ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ጎጃም ራሷ 38 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች ከአናታችን ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሰሃኑ ዞሮ ብቻ አይበቃውም፣ ቀና ማለትም አለበት። ልጁ ይህንን በዲግሪ አያውቀውም። «አንጋጦ ነው የሚይዘው» ነው ያለኝ፣ እሱም ያው ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ስንጯጯህ ቆይተን ቢጫው አረንጓዴ ሆነ። የአማርኛ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እማዬ እልል ማለት ነው የቀራት። ወጥታ ሰሃኑን ቀና ብላ አየችውና «ወደ ምሥራቅ መዞሩ እንኳን ደግ ነው። ጸሎትም የሚደረገው ወደዚያው ነው» አለች። ልጁን ቡና ሳይጠጣ አልለቀቀችውም።

ከዚያ ወዲህ ለዲሹ ያወጣችው ገንዘብ የለም። በወር የሚከፈል ነገር የለውም። የሚያስቸግራት ዝናብ ብቻ ነው። የእኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ። ከጮቄ በኩል ደመናው ሲጠቁር ምስሉ መጀመሪያ እንደ ተሰበረ ሸክላ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰሃኑ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመቱ ወደ ሦስት ሳንቲሜትር ነው። እንዲህ ያለውን አጭር ሞገድ ወፍራም ዝናብ ውጦ ያስቀረዋል። እማዬ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር ተነስታ የተሰጣውን በርበሬ ታስገባለች። ደጅ ወጥቶ ሰማይ ከማየት ይሻላል ትላለች።

ኢንተርኔት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

እኔ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። ባለ ገመድ ኢንተርኔት አለን። ባለቤቱ መስመሩን ለማስገባት ወራት ተመላልሷል። መጀመሪያ «ፖርት የለም» ተባለ። ቀጥሎ ገመዱ ከፖሉ አይደርስም ተባለ። ገብቶም 4 ሜጋ ነው። ደንበኛ ሁሉ «4 ሜጋ? ስልኬ ላይ 500 ሜጋ ገዝቼ የለ እንዴ!» ይለኛል። ሁለቱ ሜጋ አንድ አይደሉም። ስልኩ ላይ የገዛው ሜጋባይት ነው፣ ልክ እንደ ጀሪካን ውኃ። የእኛ በሰከንድ የሚያልፈው ሜጋቢት ነው፣ የቧንቧው ስፋት በሉት። አንዱን ባይት ለመሙላት ስምንት ቢት ያስፈልጋል። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም በእኛ መስመር፣ ሌላ ማንም ካልነካው፣ 23 ደቂቃ ይፈጃል። መቼ ነው ማንም የማይነካው?

ሰው ከገጠር ኢንተርኔት ፍለጋ እኛ ዘንድ ይመጣል። ቅዳሜ ገበያ የዋለ ሁሉ ሚሞሪውን ይዞ ብቅ ይላል። ልጁ የላከችውን ቪዲዮ የሚያስጭን አለ። መዝሙር የሚፈልግ አለ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀንማ በራችን አይዘጋም። ከደጀን መንገድ የመጡ ልጆች መለያ ቁጥራቸውን በእጃቸው ላይ ጽፈው ይሰለፋሉ። እኔ አስገባለሁ። ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል። ከኋላዬ የሚተነፍስ ሰው የለም። አንዷ ውጤቷን አይታ ዝም ብላ ሃያ ብር ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። አምስት ብር ነበር የምንጠይቀው። መልሱን ሳልሰጣት ሄደች።

ነሐሴ 2015 ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲጠፋ የባሰ ሆነ። ብዙ ወር ነው የቆየው። የእኛ መስመር በሠራ ቀን ሰው ስልኩን ዋይፋይ ላይ ለማድረግ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይውላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እማዬ ጋ ምንም አልተለወጠም። መብራት ካለ ዲሹ ይሠራል። «ምንድን ነው ጠፋ የምትሉት?» ትለኝ ነበር ስደውል።

እኔ ዲሹን ብወደውም አላሞግሰውም። ሰማይ የሰጠውን ነው የሚያሳየው። እማዬ የምትጠይቀውን አይሰማትም። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የልጁን ክርስትና ቀርጾ በቴሌግራም ሲልክ ወደ ዲሹ የሚልክበት መንገድ የለም። አማኑኤል ደግሞ ኔትወርኩ አንድ ቪዲዮ እስኪያወርድ ፓኬጁ ቀኑ ያልቃል። ያለው አማራጭ ያው የገበያተኛው ነው። ሱቅ ውስጥ አውርጄ ፍላሽ ላይ ጫንኩት።

ሪሲቨሩ ጎን ላይ የፍላሽ ቀዳዳ አለው። የዳንቴሉን ጫፍ ገልጬ ሰካሁት። ስሙ ይታያል፣ አልከፍትም አለ። ወንድሜ በአዲስ ስልኩ ነው የቀረጸው። እንዲህ ያሉ ስልኮች ቪዲዮውን የሚያጨቁበት ዘዴ አዲስ ስለሆነ የቆየ ሪሲቨር አያነበውም። እማዬ «አለ አይደል እንዴ ውስጡ? ስሙ እኮ ይታያል» ብላ አፈጠጠችብኝ። ምን ልበላት? ማርቆስ ተመልሼ ወደ ድሮው ዓይነት ቀየርኩትና በሳምንቱ ደግሜ ሄድኩ።

አሁን ተከፈተ። ቄሱ፣ ነጭ የለበሰው ሕፃን፣ ወንድሜ ሱፉ ጠቦት። ጎረቤቶች ገቡ። እማዬ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ፣ እንደገና አስጀመረችኝ። አራተኛው ላይ ሕፃኑ ውኃው ሲነካው ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፣ መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ማንም አልተነሳም። እማዬ እጇን ወደ ሪሲቨሩ ሰደደች።

«ይችን ፍላሽ ግን ይዘሻት እንዳትሄጅ» አለችኝ።