ታፔላዬን ሲለኩብኝ

አዲሱ ታፔላ ዛሬ ተሰቀለ። ከመጀመሪያው በግማሽ ያንሳል። ትንሽ አኮረፍኩ፣ ግን እንደዚያን ቀን አይደለም።

የመጀመሪያው በተሰቀለ በሳምንቱ ነበር ከከተማው ደብዳቤ የመጣው። ፈቃድ የለውም፣ ከልክ ያልፋል፣ ይውረድ። ሱቄ ያለው ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ነው፤ ታፔላዬ ላይ ከሁሉም የሚጎላው በአማርኛ የተጻፈው «ቡና» የሚለው ቃል ነበር። እና ወዲያው ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። «ፊደላችንን ጠልተው ነው» ብዬ እህቴ ጋ ደወልኩ። እሷ ደግሞ ነገር ማራገብ ነፍሷ ነው።

ቢሮው የሄድኩት ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው። ሴትዮዋ የታፔላዬን ፎቶ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። በፊደሎቹ ዙሪያ ሳጥን አሰመረች። ቁመቱን በወርዱ አባዛች፤ 42 ስኩዌር ፉት። የሱቄ ፊት 20 ፉት ነው፤ በዚያ ከተማ ደንብ ለአንድ ፉት የሚፈቀደው አንድ ስኩዌር ፉት ነው። በቃ። «ምን ይላል?» ብላ እንድትጠይቀኝ ስጠብቅ፣ «መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል?» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ማታ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አመሸሁ። አሪዞና ውስጥ ጊልበርት በምትባል ከተማ የራሷ ሕንፃ የሌላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የእሑድ ጸሎት የት እንደሆነ የሚጠቁሙ ሰሌዳዎች መንገድ ዳር ታቆማለች። ደንቡ ለእንዲህ ያለው ጠቋሚ 6 ስኩዌር ፉት ሲፈቅድ፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ግን እስከ 32 ይፈቅድ ነበር። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዘጠኙም ዳኞች ለቤተ ክርስቲያኗ ፈረዱ። ከተማ መጠኑን፣ ቦታውንና መብራቱን ይቆጣጠር፤ በሚለው ቃል ግን እያየ አያበላልጥ ነው ነገሩ። የሴትዮዋ ዝምታ ያኔ ገባኝ።

መለካቱስ ለምን? እሱን ያስተማረኝ የገዛ መንገዳችን ነው። እኛ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመጠጥ መሸጫው ቀይ ኒዮን ከትራፊክ መብራቱ ጀርባ ይበራል። ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ ላይ፣ ቀዩን ሁሉ የኒዮኑ መስሎኝ አልፌ ልሄድ ነበር። ፍሬኑን የረገጥኩት ከጎኔ ያለው መኪና ሲቆም አይቼ ነው።

የብራዚሏ ከተማ ሳኦ ፓውሎ ደግሞ ጭራሽ ጨክናለች። ከንቲባው ካሳብ እንደ አውሮፓውያን በ2007 ቢልቦርድን በሙሉ ከለከሉ፤ የሱቅ ታፔላም በልክ ሆነ። ማስታወቂያው ሲነሳ ከኋላው የተሸፈኑ የድሆች ሰፈሮች ብቅ አሉ ይባላል። ይህንን ሳነብ አዲስ አበባ በቆርቆሮ የሚታጠሩት ሰፈሮች ትዝ አሉኝ።

ለማንኛውም፣ 20 ስኩዌር ፉቴን ይዤ ተመለስኩ። አንድ ነገር ግን ደንቡም፣ ሠሪውም፣ እኔም አላሰብነውም። ፊደል ሲያንስ የ«ቡ» ጎን ላይ ያለችው ጭረት ከሩቅ ቁልቁል የወረደች ትመስላለች። ከሰዓት በኋላ አንድ አባት መኪናቸውን አቁመው ገቡና ወደ በሩ እየጠቆሙ፣

«ልጄ፣ ‹ቢና› ምንድነው?» አሉኝ።

ሳቄን ውጬ አንድ ስኒ ቀዳሁላቸው።