በ«ፈ» ላይ የቆመው ፕሮግራም

ለእድራችን የአባላትና የወርኃዊ መዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬ ነው። ሰሞኑን ያየሁትን ሳልረሳው ልጻፍላችሁ። በአማርኛ መረጃ የምትሠሩ ሁሉ አንድ ቀን ያጋጥማችኋልና።

ፕሮግራሙ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንከን አልነበረውም። በፍላሽ ይዤ ለጸሐፊያችንና ለገንዘብ ያዣችን ጫንኩላቸው። በጸሐፊዋ ላፕቶፕ ተከፈተ፤ ስሞቹ ግን ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ሆነው ቀረቡ። በገንዘብ ያዡ ኮምፒውተር ደግሞ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የስሕተት መልእክት የለም፣ መስኮትም የለም።

ሁለት ሳምንት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። የገንዘብ ያዡ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ጥፋቱን በእሱ ላይ ደፈደፍኩ፤ ቫይረስ ፈተሽኩ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩ። ለካ ለሁለቱ የሰጠሁት ፋይል አንድ አልነበረም። ለጸሐፊዋ አምስት የሙከራ ስሞች፣ ለገንዘብ ያዡ የ148ቱን አባላት ሙሉ ዝርዝር ነበር የሰጠሁት። ፋይሎቹን ሳለዋውጣቸው ብልሽቱም አብሮ ተለዋወጠ። ማሽኑን ከመንካቴ በፊት ይህን ማድረግ ነበረብኝ።

መልእክቱ ያልታየኝ ፕሮግራሙን በሌላ ኮምፒውተር እንዲጫን ስጠቀልለው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት እንዲደብቅ ስላዘዝኩት ነው። መስኮቱን መልሼ ሳወጣው፣ ዋጋው 141 የሆነ ባይት (ፋይል የሚሠራበት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) መፍታት እንዳልቻለ የሚናገር መስመር አገኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ፋይል ሲከፍት በምን ኢንኮዲንግ (ባይቶችን ከፊደላት ጋር በሚያዛምድ ሰንጠረዥ) እንደሚያነብ ካልነገራችሁት ዊንዶውስን ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ የተጫነ ዊንዶውስ የሚመልሰው 1252 የተባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው። ለአማርኛ እንዲህ ያለ የራሱ ሰንጠረዥ ኖሮት አያውቅም፤ ፊደላችን በእ.ኤ.አ. 1999 የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ በሚይዘው ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በዊንዶውስ የሚኖረው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ዩኒኮድን በባይት በሚጽፈው ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ምንጊዜም 225 ነው። ይህ ቁጥር በ1252 ሲነበብ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ይሆናል። እሷ እየተመላለሰች ካያችኋት የተበላሸ ፋይል ሳይሆን በተሳሳተ ሰንጠረዥ የተነበበ አማርኛ ነው።

ታዲያ አንዱ ፋይል ተጨማልቆ ሲከፈት ሌላው ለምን ይሞታል? 1252 አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ፓይተን ከእነዚህ ባይቶች አንዱን ሲያገኝ የሚተካው ፊደል ስለማያገኝ ያቆማል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለየብቻ ፋይል ጽፌ ሞከርኩ። «ሀ» ይከፈታል፣ «ሁ» ይወድቃል። «ለ» ይከፈታል፣ «ል» ይወድቃል። «መ» ይከፈታል፣ «ም» ይወድቃል። የ«በ» ቤት እስከ «ቦ» ምንም አይሆንም፤ የ«ፈ» ቤት ግን ሁለተኛው ባይት 141 ስለሆነ ከ«ፈ» እስከ «ፎ» አንዱም አያልፍም። የሙከራ ስሞቼ አበበ፣ ካሳ፣ ታደሰ፣ በቀለና ሙሉ ነበሩ፤ አንዳቸውም እነዚህን ፊደላት አልያዙም። ይህን በደብተሬ ላይ ሳሰፍር የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

የእኔ ኮምፒውተር ያልታመመው፣ ከረጅም ጊዜ በፊት በክልል ቅንብር ውስጥ ዩቲኤፍ-8ን ለሁሉም ቋንቋ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጌበት ረስቼው ስለነበር ነው። ይህን ሳጥን በሰው ኮምፒውተር ላይ አትንኩ። ዩኒኮድን የማይጠቀሙ የቆዩ ፕሮግራሞችን ሊያበላሽ ይችላል። መድኃኒቱ ፋይል የሚከፈትበት መስመር ሁሉ ላይ ኢንኮዲንጉን በግልጽ መጻፍ ነው። በእኔ ኮድ አሥራ አንድ ቦታ ነበር።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊዋ የራሳቸውን ስም ጨምረው «አስቀምጥ»ን ሲጫኑ ዝርዝሩ በሙሉ ጠፋ፤ ፋይሉ ዜሮ ባይት ሆኖ ቀረ። «ልጄ፣ የነበሩትም ሰዎች የት ሄዱ?» አሉኝ። ፓይተን ለመጻፍ ሲከፍት አስቀድሞ ፋይሉን ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያ የአማርኛውን ስም በ1252 መጻፍ ሲያቅተው ያቆማል። እኔ ዝርዝሩን በአንድ ትእዛዝ ስለምጽፈው አንድም ስም አልተረፈም። የጠፉት የሙከራ ስሞች ቢሆኑም፣ የ148 ቤተሰብ የመዋጮ ታሪክ ሊሆን እንደሚችል ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ፕሮግራሙ በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ሲጨርስ ብቻ ዋናውን ፋይል በእሱ ይተካል።

ቅዳሜ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ደገምነው። ጸሐፊዋ ስማቸውን ጻፉ፣ ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ፤ ስማቸው አለ። በሚቀጥለው ወር የጳጉሜን መዋጮ እንዴት እንደሚመዘገብ እጀምራለሁ።