«አበራ ስኳር» እና አዲሱ ስልኬ

ስልኬ ውስጥ «አበራ ስኳር» ተብሎ የተመዘገበ ሰው አለ። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ስኳሩ ግን እውነት ነው። «የአቶቴዋ እናት ግፊት» አለች። «ታሪኩ ኢንሱሊን ሲገባ ይደወል» አለ። እንዲህ ካልጻፍኳቸው ማን ማን እንደሆነ አላውቅም። ሀዋሳ ውስጥ ስንት አበራ አለ!

ፋርማሲስት ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለኝ፤ አይደለሁም እያልኩ ማስረዳቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ። መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ደንበኛው ቁጥሩን ትቶልኝ ይሄዳል፤ ሲገባ እደውልለታለሁ። የሐኪም ማዘዣውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የሚልክልኝም ብዙ ነው፤ «ይሄ አላችሁ?» እያለ። (የሐኪሞቻችንን የእጅ ጽሑፍ ነገር ዛሬ አላነሳም።) በዚህ አካሄድ ስልኬ በግማሽ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሆኗል።

የስልኬን ሲስተም ግራፊን ኦኤስ ወደሚባል፣ የግል መረጃን አጥብቆ ወደሚጠብቅ ሲስተም ቀየርኩ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምን የምትደብቂው አለሽ?» ታናሽ ወንድሜማ «ስለላ ጀመርሽ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። የእኔማ ምን ምስጢር አለው፤ ደሞዜን እንኳ እቁብተኞቼ በሙሉ ያውቁታል። የምጠብቀው የአበራን ነው።

ደግሞ ነገሩን ያመጣው ወንድሜ ራሱ ነው። የደዋዩን ማንነት የሚያሳይ አፕ ጭኖ ነበር። ምሳ እየበላን ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን አያውቀውም። ስክሪኑ ላይ ግን የሰውየው ስም ከነአባቱ ወጣ፤ ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ «ቲቢ ክትትል» ይላል። ሰውየው የደወለው ስለሚከራይ ቤት ሊጠይቅ ነው። ወንድሜ ሳቀ። እኔ ግን እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እንዲህ ካሉ አፖች ስም ከተጠቃሚዎቻቸው የስልክ ማውጫ የሚሰበስቡ አሉ። አንድ እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ለሥራው ብሎ እንደዚያ መዝግቦት ይሆናል። አፑ «ኮንታክትህን ልይ?» አለው፤ እሱም እሺ አለ። በቃ፣ የሰውየው ሕመም አደባባይ ወጣ። ሰውየው አፑን ጭኖት እንኳ ላያውቅ ይችላል።

በነገራችን ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ጋር መድቦታል። ጥሩ አዋጅ ነው። ግን አፑ ሲጠይቅ «አሎው» የምትለዋን የሚጫነው አዋጁ አይደለም፤ የእኔ ጣት ነው።

ግራፊን ኦኤስ ራሱ አንድሮይድ ነው። ጎግል ለማንም ክፍት አድርጎ ከሚለቀው የአንድሮይድ ኮድ ላይ የተሠራ ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም። ሲጫን የጎግል አፕ የሚባል አንድም አብሮት አይመጣም። የሚያስቀው ነገር፣ እኔ ስጭነው የሚሠራው ጎግል ራሱ በሚሸጠው ፒክስል ስልክ ላይ ብቻ ነበር። አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፒክስል የራሳችሁን ሲስተም ከጫናችሁ በኋላ ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) መልሳችሁ እንድትቆልፉት ይፈቅዳል። ካልተቆለፈ ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የነካካው ሰው መኖር አለመኖሩን በደንብ ማጣራት አይችልም።

ፒክስል ደግሞ ፒያሳ ሄዳችሁ እንደ ቴክኖ መርጣችሁ የምትገዙት ስልክ አይደለም። የእኔን ፒክስል 8ኤ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። 8ኤን የፈለግኩት በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣበት ጀምሮ ለ7 ዓመት አፕዴት ስለሚያገኝ ነው። የምታስመጡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለአንድ ቴሌኮም ተብሎ የተዘጋጀ ስልክ እንዳይሆን አደራ። አንዳንዶቹ ላይ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የምትባለው፣ ቡትሎደሩን ለመክፈት የምትፈቅደው ምርጫ ደብዝዛ ትቀራለች፤ ጣት ቢላጥ አትከፈትም። እሷ ካልተከፈተች ደግሞ ጭነት የለም።

ጭነቱ እንደሚፈራው አይደለም። ሁሉም ነገር ክሮም ላይ በሚከፈት ድረ ገጽ ነው የሚያልቀው። ሴቲንግ ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ መነካካት፣ አንሎኪንጉን መፍቀድ፣ ስልኩን በኬብል ከላፕቶፕ ማገናኘት፣ ከዚያ ገጹ የሚላችሁን በተራ መጫን። ስልኩ ላይ ያለው በሙሉ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ። ፋይሉ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል ነው ያወረድኩት፤ መብራት ቢሄድ ብዬ ላፕቶፑንም ሞልቼው ነበር። ኬብሉ ጥሩ ይሁን። ቻርጅ የሚያደርግ ሁሉ ዳታ አያስተላልፍም። ሲያልቅ ቡትሎደሩን መቆለፍ እንዳትረሱ። ከዚያ በኋላ ስልኩ በተነሳ ቁጥር «ሌላ ሲስተም ነው የተጫነው» የሚል ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። እናቴ አይታው «ተበላሸ!» ብላ ደንግጣ ነበር። አልተበላሸም፤ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ አበራ ልመለስ። ግራፊን ኦኤስ ውስጥ «ኮንታክት ስኮፕስ» የሚባል ነገር አለ። ቴሌግራም «ኮንታክት ፍቀጂልኝ» ሲል እሱን አበራለታለሁ። አፑ የተፈቀደለት ይመስለዋል። የሚያየው ግን ባዶ ማውጫ ነው። ከፈለግኩ እህቴንና አከፋፋዬን ብቻ ነጥዬ አሳየዋለሁ። ሳይጨቃጨቅ ይሠራል፤ አበራ ግን የለም። ለፎቶና ለፋይልም «ስቶሬጅ ስኮፕስ» የሚባል አለ፤ የማዘዣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ፎልደር ሌላ አፕ አያየውም። ለዚህች ብቻ እንኳ ስልኩን በገዛሁት። ቴሌግራም የምትጠቀሙ ደግሞ ስልክ ሳትቀይሩም የምታደርጉት አለ። ቀድሞ ወደ ሰርቨሩ የሄደውን ማውጫ ከፕራይቬሲ ሴቲንግ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ያጠፋሁት እሱን ነው።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር ኪቦርድ ላይ ነው። አብሮት የሚመጣው ኪቦርድ አማርኛ የለውም። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለእሱ አላስቸገረኝም። አማርኛው ግን ኪቦርድ መጫን ግድ ነው። አስቡት፣ ኪቦርድ እኮ የጻፍነውን ሁሉ የሚያይ አፕ ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ የሰውየውን ስም፣ ሁሉንም። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ አፕ የኢንተርኔት ፈቃድ መንሳት ይቻላል። የለመድኩትን የጎግል ኪቦርድ ጫንኩትና ኢንተርኔቱን ነሳሁት። አማርኛውን እንደ ድሮው ይጽፍልኛል። ያየውን ግን የሚያወራለት የለም።

ጎግልን ሙሉ በሙሉ አላባረርኩም። አንዳንድ አፖች ያለ ጎግል ፕሌይ አይነሱም፤ ሌሎቹ ደግሞ መልእክት መግባቱን ዘግይተው ነው የሚናገሩት። ግራፊን ኦኤስ ላይ ጎግል ፕሌይ ሲጫን እንደ ማንኛውም አፕ ነው፤ ልዩ ሥልጣን የለውም፤ ያልፈቀድኩለትን አይነካም። እኔ በሌላ ፕሮፋይል (እዚያው ስልክ ላይ እንደ ሌላ ሰው ስልክ ተለይቶ በሚቀመጥ ክፍል) ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

ባንክ ነው ያስቸገረኝ። አካውንት ካለኝ ባንኮች የአንዱ አፕ ስልኩን አላምነውም ብሎ አልከፈት አለ። የጎግል ማረጋገጫ የሌለው ሲስተም ላይ አንሠራም የሚሉ አፖች አሉ። ስልኩ ከድሮው ይልቅ የተጠበቀ ሆኖ ሳለ አፑ የማያምነው መሆኑ ያበሽቃል። ደግነቱ አገራችን የአጭር ቁጥር አገር ናት። ቴሌብርን በ*127# ነው የምጠቀመው፤ እሱ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ይሠራል። ለባንኩም ኮዱን እደውላለሁ። ሥራችሁ በሙሉ በባንክ አፕ የሚሄድ ከሆነ ግን ከመቀየራችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡበት።

ሌላ ብዙ አለው። ስልኩ ለ18 ሰዓት ሳይከፈት ከቆየ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። እኔ ሰዓቱን አሳጥሬዋለሁ። እንደተነሳ ፒን ካልገባበት ሲደወል ስም እንኳ አያሳይም፤ ቁጥር ብቻ። ስክሪኑ ሲቆለፍ በኬብሉ በኩል ቻርጅ እንጂ ዳታ አይገባም፤ ካፌ ውስጥ በሰው ቻርጀር መሰካት አያሳስበኝም። ሲገባ ስልኩ ላይ ያለውን በሙሉ የሚደመስስ ሁለተኛ ፒንም አለ። እሱን አላበራሁትም። የእህቴ ልጆች በስልኬ እንደሚጫወቱ እያወቅኩ እንዴት ብዬ!

የማያደርገውን ደግሞ ልናገር፣ አንዳንድ ሰው ከሰማይ የወረደ አድርጎ ስለሚያወራው። ሲሙ በስሜ ነው። ስልኩ ከየትኛው ማማ ጋር እንደሚገናኝ ቴሌው ያውቃል። ተራ የስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ እንደ ድሮው ናቸው። የቴሌግራም ተራ ቻትም ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ሲሆን ነው። ሁሉንም ቻት እንደዚያ የሚቆልፈው ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ይሻላል፤ ግን ደንበኞቼን ሲግናል ጫኑ ብላቸው መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ይገዛሉ።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ «የእኔንም ቀይሪልኝ» አለችኝ። የእሷ ቴክኖ ስለሆነ አይሆንም። ባይሆን ሴቲንጓን ከፍተን «ፐርሚሽን ማናጀር» ውስጥ ገባንና ኮንታክት የተፈቀደላቸውን አፖች አየን። ፎቶ የሚያሳምር አፕ ሳይቀር ተሰልፏል። ከለከልናቸው፤ አንዳቸውም ሥራ አላቆሙም። ይሄንን ማንም ሰው ዛሬ ሻይ እየጠጣ ሊያደርገው ይችላል። ወንድሜም ያንን አፕ አጥፍቶታል፤ ማጥፋቱ ቀድሞ የሄደውን ማውጫ ባይመልሰውም።

ሀዋሳ ሆናችሁ ፒክስል ያላችሁና መጫኑን የፈራችሁ ካላችሁ እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ደህና ኬብል ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶዎቻችሁንም ቀድማችሁ ገልብጡ። ላፕቶፑ ግን የወንድሜ ስለሆነ እሱን አስፈቅዳችሁ ነው።